ያልመጡትን መቁጠር፦ ነርሶችና የማኅበረሰብ ጤና ልኬት

ነርስ ሲባል በብዙዎቻችን አእምሮ ቀድሞ የሚመጣው ምስል ነጭ ጋዋን ለብሳ በሆስፒታል አልጋዎች መካከል የምትመላለስ፣ መርፌና የሙቀት መለኪያ የያዘች ባለሙያ ነው። ምስሉ ትክክል ቢሆንም ሙሉ አይደለም። ከሆስፒታሉ አጥር ውጭ በየትኛውም መዝገብ ላይ ስሙ ያልሰፈረ፣ አንዳንዴም መታመሙን ራሱ የማያውቅ ሰው የሚኖርበት ሰፈር አለ። ይህን ሰፈር እንዳለ እንደ አንድ ታካሚ ወስዶ የሚመረምር፣ የሚለካ፣ ችግሩን ለይቶ መፍትሔ የሚፈልግና ውጤቱን የሚከታተል የነርስነት ዘርፍ የማኅበረሰብ ጤና ነርሲንግ ይባላል። በዚህ ጽሑፍ ዘርፉ በምን ዓይነት ሳይንሳዊ ዘዴ እንደሚሠራ እንመለከታለን። (ወንዶች ነርሶች ጥቂት እንዳልሆኑ እናውቃለን፤ ለአነጋገር እንዲመቸን ግን «እርሷ» እያልን እንቀጥላለን። ዓመቶቹም ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

54 ለ60 ወይስ 54 ለ150?

ነገሩን በአንድ የታሰበ ምሳሌ እንጀምር። 5,000 ያህል ሰው በሚኖርበት የገጠር ቀበሌ ውስጥ አንድ ጤና ኬላ አለ እንበል። ጤና ኬላው ፔንታቫለንት የተባለውን፣ አምስት በሽታዎችን በአንድነት የሚከላከለውን ክትባት ይሰጣል። ሕፃናት ይህን ክትባት የሚወስዱት በተወለዱ በ6ኛው፣ በ10ኛውና በ14ኛው ሳምንት ነው። በዓመቱ መጨረሻ መዝገቡ ሲገለጥ 60 ሕፃናት የመጀመሪያውን፣ 54ቱ ደግሞ ሦስተኛውን ክትባት መውሰዳቸው ታየ። ከጀመሩት መካከል ያቋረጡት 6 ብቻ ናቸው፤ ይኸውም

(60 − 54) ÷ 60 × 100 = 10 ከመቶ

ይሆናል። ከጀመሩት 90 ከመቶው ጨርሰዋል ማለት ነው። ሪፖርቱን የሚያነብ ኃላፊ ቢደሰት አይፈረድበትም።

አሁን ነርሷ መዝገቡን ዘግታ ትውጣ። ከቤት ወደ ቤት ስትቆጥር በቀበሌው ውስጥ ዕድሜያቸው ከአንድ ዓመት በታች የሆነ 150 ሕፃናት አገኘች እንበል። ስሌቱ እንግዲህ ይለወጣል፤

54 ÷ 150 × 100 = 36 ከመቶ

ክትባቱን ያልጨረሱት ሕፃናት 96 ናቸው። ከእነዚህ ውስጥ ጤና ኬላው የሚያውቃቸው ያቋረጡትን 6 ሕፃናት ብቻ ነው። የቀሩት 90 ሕፃናት አንድ ቀን እንኳ ስላልመጡ በመዝገቡ ዓለም ውስጥ ከነጭራሹ አልተወለዱም።

በአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ክፍልፋይ ስንማር ከመስመሩ በላይ ያለውን ቁጥር ላዕል፣ ከመስመሩ በታች ያለውን ታሕት ብለነው ነበር። በሁለቱ ስሌቶች ላዕሉ ያው 54 ነው፤ የተለወጠው ታሕቱ ነው። ክሊኒክ ላዕሉን ያለ ብዙ ድካም ያገኛል፤ ሰዎች በራሳቸው እግር ይዘውለት ይመጣሉና። ታሕቱ ግን አይመጣም፤ ሄደው የሚያመጡት ነው። የማኅበረሰብ ነርስ ዋና ሳይንሳዊ ተግባር ታሕቱን ማግኘት ነው ብንል ብዙ ያጋነንን አይመስለንም።

ልዩነቱ ከወረቀት ያለፈ ትርጉም አለው። ችግሩ 6 ያቋረጡ ሕፃናት ከሆነ መፍትሔው እናቶቹን በቀጠሮ ማስታወስ ነው። ችግሩ 90 ጭራሽ ያልጀመሩ ሕፃናት ከሆነ ግን ማስታወሻ አይረዳም፤ ለምን እንዳልመጡ መጠየቅ ያስፈልጋል። በዚህ ላይ የት እንደሚኖሩ ማወቅ ይገባል። ከ90ዎቹ ውስጥ 70ዎቹ ከወንዝ ማዶ ባለ አንድ ጎጥ የሚኖሩ ቢሆን ለተላላፊ በሽታ የሚዘረጋው ሜዳ ያ ጎጥ ነው። ለምሳሌ ኩፍኝ በእጅጉ ተላላፊ በመሆኑ ስርጭቱን ለመግታት ከአንድ ማኅበረሰብ 95 ከመቶ ያህሉ በሽታውን መከላከል የሚችል መሆን አለበት። የወረዳው አማካይ ቁጥር የቱንም ያህል ቢያምር ቫይረሱ የሚያገኘው ጎረቤትን እንጂ አማካይን አይደለም።

ታሕቱን ማግኘት ደግሞ የሚመስለውን ያህል ቀላል አይደለም። በኢትዮጵያ አገር አቀፍ የሕዝብ ቆጠራ የተካሄደው በ1984፣ በ1994 እና በ2007 ሲሆን፣ አራተኛው በተደጋጋሚ ተራዝሟል። የልደትና የሞት ምዝገባ በአገር ደረጃ የተጀመረው በ2016 ነው። ስለዚህ ብዙ ወረዳዎች የሕፃናትን ቁጥር የሚገምቱት ከአሮጌ ቆጠራ ላይ በመቶኛ እያሰሉ ነው። ግምቱ ከእውነተኛው ቁጥር ሲያንስ «112 ከመቶ ሕፃናት ተከተቡ» የሚል ሪፖርት ይወጣል። እንዲህ ያለው ቁጥር የሥራውን ትጋት ሊያሳይ ይችል ይሆናል፤ ታሕቱ የተሳሳተ መሆኑን ግን ያለ ጥርጥር ያሳያል። በየቤቱ ዞራ የቆጠረች አንዲት ነርስ በቢሮ ከተሠራ ትንበያ የተሻለ መረጃ የምትይዘው በዚህ ምክንያት ነው።

የቆጠራን ጥቅም ያዩ ነርሶች

ፍሎረንስ ናይቲንጌል በ1854 መጨረሻ ወደ ክራይሚያ ጦርነት ሄዳ በስኩታሪ ወታደራዊ ሆስፒታል ስላገለገለችው አገልግሎት ብዙ ተጽፏል። በሌሊት ፋኖስ ይዛ ስትዞር የሚያሳየው ሥዕል የታወቀ ነው። ለሳይንስ ተማሪ ግን ከፋኖሱ ይልቅ ከጦርነቱ በኋላ የሠራችው ሥራ ይበልጥ ያስደንቃል። ከስታቲስቲክስ ባለሙያው ከዊልያም ፋር ጋር የሟቾችን መዝገብ ስትመረምር ከወታደሮቹ የበዛው ክፍል የሞተው በጠላት ጥይት ሳይሆን በንጽሕና ጉድለት በሚመጡ፣ ሊከላከሏቸው በሚቻሉ በሽታዎች መሆኑን ተረዳች። ይህንንም በ1858 ባሳተመችው ክብ ሥዕላዊ መግለጫ አንድ የፓርላማ አባል በአንድ እይታ ሊረዳው በሚችል መልክ አቀረበችው። የእንግሊዝ የስታቲስቲክስ ማኅበር የመጀመሪያዋ ሴት አባል ለመሆን የበቃችውም በዚህ ሥራዋ ነው።

ናይቲንጌል የቆጠረችው ግን በሆስፒታል ውስጥ ያሉትን ነበር። ወደ ሰፈር የወጣውን ሥራ በግልጽ የሚያሳየን የኒው ዮርክ ታሪክ ነው። ሊልያን ዋልድ የተባለች ነርስ በ1893 በከተማዋ ድሃ ስደተኞች በሚኖሩበት ክፍል ቤት ለቤት የሚሄድ የነርሶች አገልግሎት ጀመረች። በዚያ ዘመን ሐኪሞች በየትምህርት ቤቱ እየዞሩ ሕፃናትን ይመረምሩ ነበር። ትራኮማ፣ ቅማል፣ ቋቁቻ ወይም ሌላ ተላላፊ ሕመም የተገኘበት ልጅ ወደ ቤቱ ይላካል። ሕጉ በወረቀት ላይ ትክክል ነው። ይሁን እንጂ ልጁን በቤቱ የሚያክመው አልነበረም፤ ወላጆቹ ብዙ ጊዜ የተላከላቸውን ጽሑፍ ማንበብ አይችሉም፤ ልጁም ከሰዓት በኋላ ከእነዚያው የክፍል ጓደኞቹ ጋር በመንገድ ላይ ይጫወታል። ትምህርቱ ይቋረጣል፤ በሽታው አይቋረጥም።

በጥቅምት 1902 ዋልድ ሊና ሮጀርስ የተባለችውን ነርስ በአራት ትምህርት ቤቶች ለሙከራ አሰማራች። ሮጀርስ ቀላሉን ሕመም በትምህርት ቤቱ ውስጥ ታክማለች፤ ከበድ ያለውን ይዛ ወደ ልጁ ቤት ትሄዳለች፤ ለእናቲቱ እንዴት እንደምታጥበውና መድኃኒቱን እንዴት እንደምትቀባው ታሳያለች። ከተማው ውጤቱን አይቶ ተጨማሪ ነርሶች ቀጠረ። በአንድ ዓመት ውስጥ በሕመም ምክንያት ከትምህርት ቤት የሚባረሩት ልጆች ቁጥር ወደ አንድ አሥረኛ ገደማ ወረደ። ሐኪሞቹ ያዩትን በሽታ ነርሷም አይታዋለች፤ በመድኃኒቱም በኩል አዲስ ነገር አልነበረም። አዲሱ ነገር ከመዝገቡ ተነሥቶ እስከ ቤቱ ደጃፍ የሄደው እግር ነው።

ከደምቢያ እስከ ጎንደር

በአገራችን ይህ አስተሳሰብ የተቋም ቅርጽ የያዘው በጎንደር ነው። በ1953 በጣና ሐይቅ ሰሜናዊ ዳርቻ በሚገኘው በደምቢያ ሜዳ የወባ ወረርሽኝ ተነሥቶ ብዙ ሺህ ሰው ገደለ። በዓመቱ፣ በ1954፣ የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ተከፈተ። ኮሌጁ ያሠለጥን የነበረው በአንድ ቡድን የሚሠሩ ሦስት ዓይነት ባለሙያዎችን ነው፤ ጤና መኮንኖችን፣ የማኅበረሰብ ነርሶችንና የአካባቢ ንጽሕና ባለሙያዎችን። ዶክተሮች በጣት በሚቆጠሩበት አገር ሐኪምን ብቻ መጠበቅ እንደማያዋጣ የተረዱ ሰዎች ያቀዱት ሥልጠና ነበር። በግላችን የዚያ ዘመን ትልቁ ሐሳብ ሦስቱን ባለሙያዎች አንድ ላይ ማሠልጠኑ ይመስለናል። ነርሷ የታመመውን ልጅ ስታገኝ ጤና መኮንኑ ያክመዋል፤ ልጁን ያሳመመውን ምንጭ ደግሞ የንጽሕና ባለሙያው ያጸዳል።

ያም ሆኖ ባለሙያዎቹ ለአገሩ ስፋት ጥቂት ነበሩ። በ1958 ወባ በኢትዮጵያ ደጋና ወይና ደጋ ሰፊ ክፍል ላይ እንደገና ሲነሣ 3 ሚሊዮን ያህል ሰው እንደታመመና 150,000 ያህል እንደሞተ ተገምቷል። እዚህ ላይ «ተገምቷል» የሚለውን ቃል ልብ ማለት ይገባል። ግምት ያስፈለገው አብዛኞቹ ሟቾች በአንድም የጤና ድርጅት ደጃፍ ሳያልፉ በመቀበራቸው ነው።

ከዚያ ወዲህ ነገሩ ምን ያህል ተለውጧል? በ2000 የተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት እንዳመለከተው በኢትዮጵያ ከ100 ወሊዶች በጤና ድርጅት ውስጥ የተፈጸሙት 5 ብቻ ነበሩ። ቁጥሩ በ2016 ወደ 26፣ በ2019 ወደ 48 ከፍ ብሏል። በመጀመሪያው ዓመት በጤና ድርጅት መዝገብ ላይ ተመሥርቶ ስለ ወላዶች ጤና የሚናገር ሰው ከ100 እናቶች ስለ 95ቱ አንዳች አያውቅም ነበር። በእነዚያ ዓመታት መካከል የተጨመረው ትልቅ ነገር በ2003 የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ነው። 5,000 ያህል ሰው ለሚኖርበት ለእያንዳንዱ የገጠር ቀበሌ አንድ ዓመት የሠለጠኑ ሁለት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ተመደቡ። አምስት ጤና ኬላዎች በአንድ ጤና ጣቢያ ሥር ይጠቃለላሉ፤ በጤና ጣቢያው ያሉ ነርሶችም ሠራተኞቹን ይደግፋሉ፣ ይቆጣጠራሉ፣ ከአቅማቸው በላይ የሆነውን ይቀበላሉ። ቆይቶም እያንዳንዱ ቤተሰብ የራሱ ማኅደር እንዲኖረው ተደረገ። ማኅደሩ የሚከፈተው ለታመመው ሰው ብቻ ሳይሆን ለቤተሰቡ ሁሉ በመሆኑ ከላይ ያነሣነው ታሕት በጤና ኬላው መደርደሪያ ላይ ተቀምጧል ማለት ነው።

ሰፈርን መመርመር

ሐኪም በሽተኛውን ከመንካቱ በፊት አረማመዱንና የፊቱን መልክ እንደሚያይ ሁሉ የማኅበረሰብ ነርስም ሥራዋን የምትጀምረው በእግር በመቃኘት ነው። ውኃ ከየት ይቀዳል? ከብቶቹስ የሚጠጡት ከዚያው ነው? ምንጩ ከቤቶቹ የስንት ደቂቃ መንገድ ነው? የታቆረ ውኃ አለ? ጭስ መውጫ የሌላቸው ቤቶች ምን ያህል ናቸው? ልጆቹ ጫማ አድርገዋል?

ከዚያ መጠየቅ ይከተላል። መጠየቅ የራሱ ጥበብ አለው። «ሽንት ቤት አላችሁ?» ተብሎ ሲጠየቅ የለኝም የሚል አባወራ ጥቂት ነው፤ እንግዳ ፊት ማፈር አለና። ልምድ ያላት ነርስ ግን ወደ ጓሮ ትመለከታለች። ወደ ሽንት ቤቱ የሚወስደው መንገድ ተረግጦ ሣር ካልበቀለበት፣ በደጁ ውኃ የያዘ ዕቃና አመድ ወይም ሳሙና ካለ ቤተሰቡ ይጠቀምበታል። መንገዱ በሣር ከተሸፈነ ሽንት ቤቱ የተሠራው ለቆጣሪ ነው። የዚህ ዓይነቱን ማስረጃ በመጠይቅ ቅጽ ላይ የሚተካው የለም።

መረጃ የሚገኘው ከጤና ባለሙያ ብቻም አይደለም። የልምድ አዋላጆች የትኛዋ ሴት በስንተኛ ወሯ ላይ እንዳለች ያውቃሉ። መምህራን የትኛው ልጅ ሰሌዳውን ማየት እንዳቃተው ያውቃሉ። ሞትን በተመለከተ ደግሞ ከእድር የተሻለ መዝገብ የያዘ ማን አለ? ይህ ቀልድ እንዳይመስል አንድ እውነተኛ ሥራ እንጥቀስ። በአዲስ አበባ ከ2001 ጀምሮ በከተማዋ የመቃብር ሥፍራዎች ቀብሮች ሲመዘገቡና የሟች ቤተሰቦችን በመጠየቅ የሞት ምክንያት ሲገመት ቆይቷል። የፀረ ኤችአይቪ መድኃኒት በ2005 በነጻ መታደል ከተጀመረ በኋላ በኤድስ የሚሞተው ሰው ቁጥር በእጅጉ መቀነሱን ካሳዩት ማስረጃዎች አንዱ ከሆስፒታል ሳይሆን ከመቃብር የተገኘው ይህ ቆጠራ ነው።

ቀጥሎ መለካት አለ። ከመለኪያዎቹ ሁሉ ቀላሉ በሕፃኑ የላይኛ ክንድ ላይ የሚጠመጠመው ባለቀለም ሜትር ነው። ዕድሜያቸው ከ6 እስከ 59 ወር በሆኑ ሕፃናት ግራ ክንድ ላይ፣ በትከሻና በክርን መካከል ባለው አጋማሽ ይለካል። ልኬቱ ከ11.5 ሴንቲ ሜትር በታች ከሆነ ሜትሩ ቀይ ያሳያል፤ ይህም ከባድ አጣዳፊ የምግብ እጥረት ነው። ከ11.5 እስከ 12.5 ያለው ቢጫ፣ ከዚያ በላይ ያለው አረንጓዴ ነው። አንባቢ «የስድስት ወር ሕፃንና የአራት ዓመት ልጅ እንዴት በአንድ ልክ ይለካሉ?» ብሎ ቢጠይቅ ተገቢ ነው። መልሱ በሰውነት አሠራር ላይ የተመሠረተ ነው። በዚህ ዕድሜ ክልል ጤናማ ልጅ ቁመቱና ክብደቱ በፍጥነት ሲጨምር የክንዱ ዙሪያ ግን ብዙም አይለወጥም፤ የሕፃንነቱ ስብ ሲቀንስ ጡንቻ ይተካዋል። በተቃራኒው ሲራብ ጡንቻውም ስቡም አብረው ስለሚሟሽሹ ክንዱ ፈጥኖ ይቀጥናል። ስለዚህ ሚዛንም፣ የዕድሜ ማስረጃም፣ ስሌትም ሳያስፈልግ የአንድ መንደር ሕፃናትን በግማሽ ቀን መለካት ይቻላል። ጥንቃቄ ግን ይሻል። ሜትሩ ከልክ በላይ ከተሳበ ቆዳውን ይጫንና ጤነኛውን ልጅ ቀይ ያደርገዋል፤ ከላላ ደግሞ የተራበውን ያሳልፈዋል። በዚህ ልኬት ግማሽ ሴንቲ ሜትር ትልቅ ርቀት ነው። ከዚህም ሌላ የሁለቱም እግሮች ጀርባ በአውራ ጣት ለሦስት ሴኮንድ ተጭኖ ሲለቀቅ የሚጎደጉድ ከሆነ ክንዱ አረንጓዴ ቢያሳይም ልጁ በአስቸኳይ መታከም አለበት፤ እብጠቱ መክሳቱን ሸፍኖታልና።

የሂሳብ ዝንባሌ ላላቸው አንባብያን ደግሞ ናሙና አወሳሰድ ይስባቸዋል። አንድ ቀበሌን ሙሉ በሙሉ መቁጠር ይቻላል፤ አንድ ሙሉ ዞን ግን አይቻልም። የዓለም ጤና ድርጅት ለክትባት ሽፋን ጥናት ለብዙ ዓመታት ያስፋፋው ዘዴ «30 በ7» በመባል ይታወቃል፤ 30 መንደሮች ይመረጡና በእያንዳንዱ 7 ሕፃናት ይታያሉ፤ በድምሩ 210። ቁጥሮቹ ከየት መጡ? ሽፋኑን በ10 ነጥብ ስሕተት ውስጥና በ95 ከመቶ እርግጠኝነት ለማወቅ ከፈለግን፣ ሽፋኑም ለግምት እጅግ አስቸጋሪ በሆነው በ50 ከመቶ ላይ ነው ብለን ከተነሣን፣

1.96² × 0.5 × 0.5 ÷ 0.1² = 96

ሕፃናት ይበቃሉ። ይህ የሚሠራው ግን ሕፃናቱ አንድ በአንድ በዕጣ ከመላው ዞን የተመረጡ ከሆነ ነው፤ ለዚህ ደግሞ የሁሉም ስም ዝርዝር ያስፈልጋል። ዝርዝር ስለሌለ መንደር ይመረጣል። የአንድ መንደር ሕፃናት እርስ በርስ ይመሳሰላሉ፤ አንዱ ከተከተበ ጎረቤቱም የመከተብ ዕድሉ ሰፊ ነው። ስለሆነም ሰባተኛው ሕፃን የሚጨምረው አዲስ መረጃ ከመጀመሪያው ያነሰ ነው። ይህን ለማካካስ ቁጥሩ በ2 ይባዛል፤ 192 ይሆናል። ለ30 መንደሮች ሲካፈል 6.4፣ ወደ ላይ ሲጠጋ 7። በመስክ ላይ የሚሠራ ሰው ሊያስታውሰው የሚችል ቁጥር መሆኑም አንድ ጥቅሙ ነው።

ቁጥር ሲጨምር መደንገጥ አያስፈልግም

ያልመጡትን መቁጠር ሲጀመር በሽታ የበዛ ይመስላል። ይህን ሁኔታ በሲዳማ የተደረገ ሥራ በሚገባ ያሳያል። ከ2010 መጨረሻ ጀምሮ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች በየቤቱ እየዞሩ ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ ሳል የቆየባቸውን ሰዎች ለይተው አክታቸውን በዚያው በመንደራቸው መሰብሰብ ጀመሩ። ናሙናው ወደ ላቦራቶሪ ይወሰዳል፤ በሽተኛው ግን ውጤቱ እስኪታወቅ መንገድ መሄድ አይጠበቅበትም። በአንድ ዓመት ገደማ ውስጥ የተመዘገቡት የሳንባ ነቀርሳ ሕሙማን ቁጥር ወደ እጥፍ ቀረበ። ቲቢ በአንድ ዓመት በእጥፍ አላደገም። ቀድሞም ነበረ፤ በየቤቱ ያስላል፣ ለልጆችና ለጎረቤት ይተላለፋል፤ አልተቆጠረም እንጂ። እንዲህ ያለውን የቁጥር ጭማሪ እንደ ውድቀት የሚቆጥር አለቃ ነርሶቹ በሚቀጥለው ዓመት እንዳይፈልጉ ያስተምራቸዋል።

ከመለካት ወደ ማጎልበት

ጤናን ማጎልበት የሚለው ቃል ብዙ ጊዜ ከምክር ጋር ይምታታል። በ1986 በካናዳ ኦታዋ ከተማ በተደረገው ዓለም አቀፍ ጉባኤ የተሰጠው ትርጉም ከዚያ ይሰፋል፤ ሰዎች በገዛ ጤናቸው ላይ ያላቸውን ሥልጣን እንዲያሳድጉ ማስቻል ነው። «ልጆቻችሁን ፊታቸውን አጥቡ» ማለት ምክር ነው። ትራኮማ በተስፋፋበት ቆላማ መንደር የምትኖር እናት የፊት ንጽሕና መልካም መሆኑን አታጣውም። እንስራ ውኃ ለመቅዳት አንድ ሰዓት ስለምትሄድ ውኃው ለወጥና ለመጠጥ እንዲበቃ ታስባለች። ነርሷ አንዲት ኩባያ ውኃ በጣሳ እያንቆረቆረች የስንት ልጅ ፊት እንደምትበቃ በሰፈሩ ሴቶች ፊት ብታሳይ ከአሥር ንግግር ይበልጣል። ከዚያ ቀጥሎ ደግሞ ምንጩ እንዲጎለብት በቀበሌው ስብሰባ ላይ ተነሥታ ትከራከራለች፤ ይህም የነርስነት ሥራ ነው።

ስለ ወሊድም እንዲሁ። እናቶች በጤና ጣቢያ የማይወልዱት ለምንድን ነው ተብለው ሲጠየቁ መልሳቸው «አላውቅም ነበር» የሚል ብቻ አልሆነም። መንገዱ ሩቅ ነው፤ አልጋው ይቀዘቅዛል፤ እናቴ አጠገቤ እንድትሆን አይፈቀድም፤ ከወለድኩ በኋላ ገንፎ የሚያገነፋልኝ የለም። እነዚህን መልሶች የሰሙ ብዙ ጤና ጣቢያዎች ቡና እንዲፈላ፣ ገንፎ እንዲገነፋ፣ ቤተሰብ እንዲገባ አደረጉ። በጉራጌ የሚገኘው የአጣጥ ሆስፒታል ደግሞ ነፍሰ ጡሮች የመውለጃ ቀናቸው ሲቃረብ መጥተው የሚቆዩበትን ማረፊያ የጀመረው በ1976 ነው፤ ይህ አሠራር በኋላ በብዙ ጤና ጣቢያዎች ተስፋፍቷል። ርቀትን በምክር ማሳጠር አይቻልም፤ ማረፊያ በመሥራት ግን ይቻላል። ገንፎው በሕክምና መጻሕፍት ውስጥ አይገኝም፤ የተገኘው በመጠየቅ ነው።

የተዘጋ በር

ለከተማ ነዋሪዎች አገልግሎቱ በ2009 ሲጀመር ተመልምለው ተጨማሪ ሥልጠና የወሰዱት በዲፕሎማ የተመረቁ ነርሶች ነበሩ፤ ለእያንዳንዷም 500 ያህል ቤቶች ተመደቡላት። ከተማ ለቆጠራ ከገጠር ይከብዳል። በሽታውም ተለውጧል። የደም ግፊት ብዙ ጊዜ ምንም ምልክት አያሳይም፤ 140 በ90 እና ከዚያ በላይ ግፊት ይዞ ለዓመታት ሥራውን የሚሠራ ሰው ክሊኒክ የሚሄድበት ምክንያት አይታየውም፤ አንጎሉ ውስጥ ደም እስኪፈስ ወይም ኩላሊቱ እስኪደክም ድረስ። ይህ ሰው እንግዲህ ከላይ ካየናቸው 90 ሕፃናት ጋር በአንድ ወገን ይመደባል፤ መዝገቡ አያውቀውም።

ነርሷ በሥራ ሰዓት በኮንዶሚኒየም ደረጃ ላይ ወጥታ በር ስታንኳኳ የምታገኘው የቤት ሠራተኞችን፣ አረጋውያንንና ሕፃናት የያዙ እናቶችን ነው። የአርባና የሃምሳ ዓመት ጎልማሶች ቢሮ፣ ሱቅ ወይም ታክሲ ላይ ናቸው። በሩ የተከፈተላትን ብቻ ለክታ ብትመዘግብ የሰፈሩ የደም ግፊት መጠን ከእውነቱ የተለየ ሆኖ ይወጣል፤ ስታቲስቲክስ ይህን ዓይነቱን ስሕተት የአመራረጥ አድልዎ ይለዋል። በናሙና ጥናት ደንብ መሠረት የተዘጋ በር በቀጣዩ ክፍት በር አይተካም። ቁጥሩ ይመዘገብና ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ወይም ማታ ተመልሶ ይንኳኳል።